እንድሪስ የተቀበላት ግጥም

የእንድሪስን ሞት የነገረኝ ባጃጅ ነጂው ከማል ነው። የመርሳ ገበያ ቀን ነበር። ማንጎ ከሚራገፍበት ጥግ ጥላ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከማል ባጃጁን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። እሱ ሰው ሲያናግር ሞተር የሚያጠፋ ልጅ አልነበረምና ገና ከዚያው ልቤ ፈራ።

«ጋሽ ሞላ፣ እንድሪስ አረፈ እኮ።»

«የትኛው እንድሪስ?» አልኩት። እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። በመርሳ እንድሪስ የሚባል ሰው ሞልቷል፤ ያለ አባቱ ስም የሚጠራው ግን አንዱ ብቻ ነው።

«የኛው። ኮምቦልቻ። ትናንት ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ ቀብረውታል። እኛ ሳንሰማ።»

ከቀትር በኋላ ገበያው በሙሉ በእሱ ድምፅ ተሞላ። ስልክ የሚጠግነውም፣ ጫማ የሚሸጠውም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ምግብ ቤትም የእሱን ዘፈን ከፈቱ። «እንደሱ ያለ አይወለድም» ይላሉ። «የመርሳ ኩራት» ይላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰርግ ያልጠሩት ሰዎች ናቸው ይህን የሚሉት። እኔም ከመካከላቸው ነኝ፤ ስለዚህ በነሱ አልፈርድም። ያየሁትን ግን እጽፋለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢጣመም እለፉልኝ።

የእኔ ሥራ ድንኳንና ሞንታርቦ ማከራየት ነበር። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ሰርግ ባለበት ሁሉ ሞንታርቦዬን ጭኜ እሄዳለሁ። እንድሪስን መጀመሪያ ያየሁት ሲሪንቃ አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸንበቆ የመሰለ። ክራሩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በእግሩ መጣ። ወደ ሞንታርቦዬ ቀረብ ብሎ ዙሪያውን አየውና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ሞንታርቦዎ ይጮሃል ወይስ ይናገራል?» አለኝ።

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«የሚጮህ ከሆነ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ የሚናገር ከሆነ እጠጋዋለሁ።»

ሳቅሁ። የሚናገር ነው አልኩት። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። ምንጊዜም ሲዘፍን ባዶ እግሩን ነው፤ ለምን ሲሉት «መሬቱን ካልረገጥኩት ዜማው ይንሳፈፍብኛል» ይላል። መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ አምባሰል ጀመረ። እንዴት እንደነበረ ልነግራችሁ አልችልም። ወጥ የሚያማስሉት ሴቶች ማማሰያቸውን እንደያዙ ወጥተው ቆመው ሰሙት።

በእኛ አገር ሰርግ ላይ ዘፋኝ ሲቆም ከመሐል አንዱ ይነሳና «ተቀበል!» ይለዋል። ሁለት ስንኝ ግጥም ይሰጠዋል። ዘፋኙ የተሰጠውን ግጥም አይመልስም። ሙገሳ ቢሆን ይዘፍነዋል፣ ስድብ ቢሆንም ይዘፍነዋል። እምቢ ካለ ዘፋኝ አይደለም፤ ሌላ ሰርግም አይጠሩትም። ደንቡ እንዲህ ነው። ያን ዕለት አንድ ሆዳም ነጋዴ የልጁን ቅጥነት አይቶ ተነሳ።

«ተቀበል!» አለው።

ከሰው ሁሉ መርጠው ቀጭኑን አመጡ፣
ንፋስ እንዳይወስደው ዙሪያ ተቀመጡ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እኔ አፈርኩለት። እንድሪስ ግን ዓይኑን ጨፈነና ያችን መዘባበቻ በአምባሰል ስልት ዘፈናት። ሲደግማት ሳቁ ቆመ። ሲሠልሳት ሰዉ ወንበሩን እያነሳ እውነትም ዙሪያውን ተቀመጠ፤ ሆዳሙ ነጋዴ ሳይቀር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ልጅ የሚሰጡትን ሁሉ ወደ ወርቅ የሚለውጥ ነው አልኩ።

እኔም ከጥንት ጀምሮ ግጥም በአፌ ይመጣልኝ ነበር። ወረቀት ላይ አላውቅም፤ በአፍ ነው። አንድ ጊዜ ሞንታርቦውን ስገጥም አንድ ስንኝ በጆሮው ሹክ አልኩት፤ ያኑ ዘፈነው። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ሰርግ ላይ እንደደረስን ጫማውን እያወለቀ «ጋሼ፣ ስንቅ ይዘዋል?» ይለኛል። ስንቅ የሚለው ግጥሜን ነው። ስንት ዓመት ስንቁን አቀብዬዋለሁ። የመጀመሪያው አልበሙ ሲወጣ ከዘፈኖቹ ግማሾቹ የእኔ ስንኝ አለባቸው። ስሜ አልተጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከአውቶቡስ ላይ የራሴን ስንኝ ስሰማ በልቤ «ይቺ የኔ ናት» ማለት ይበቃኝ ነበር። ይበቃኝ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እሱን ብዙ አላወራም፤ ያየ ያውቀዋል። የእንድሪስ ታናሽ ወንድም ሁሴን ለእናቱ የስኳር መድኃኒት ፍለጋ ወደ ውርጌሳ በእግሩ እንደወጣ መንገድ ላይ ቀረ። አስከሬኑን ያገኘው እንድሪስ ራሱ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ክራር አልነካም። ሰዉ አዘነለት፤ ጠበቀው። «ሲመለስ ለሁሴን ትዝታ ያወጣለታል፤ አገር ያስለቅሳል» እየተባለ ተጠበቀ። መጠበቃችን ነው ነገሩን ያበላሸው።

አንድ ቀን ቤቴ መጣ። ወልድያ ሦስት ልጆች አግኝቶ ባንድ አቋቁሞ ኖሯል። ሁለቱ ጊታር፣ አንዱ ድራም። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲለማመዱ ከርመው አዲስ አልበም ጨርሰዋል። ስሙን «የቆርቆሮ ዝናብ» ብሎታል። ፍላሹን አውጥቶ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ከሰው ሁሉ ቀድመው አንቱ ይስሙት።»

ሞንታርቦው ላይ ሰካሁት። ወዲያው ድራሙ ወረደ። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፋጫል። እሱ ደግሞ ከላይ ሆኖ ይጮሃል፤ ያ ወለላ ድምፅ ሰው እንደሚጠራ፣ እንደሚሳደብ ይጮሃል። ዘፈኖቹ አጭር አጭር ናቸው፤ ጀመረ ስትሉ ያልቃል። እንድሪስ አጠገቤ ቆሞ ፊቴን ያያል። እኔ ግን የምሰማው ሌላ ነገር ነበር። ከስንኞቹ መሐል የኔን እፈልግ ነበር። አንድም የለም። ሁሉንም ራሱ ጽፎታል።

«ጥሩ ነው» አልኩት። ፊቴ ግን አላለም መሰል፣ ቁጭ አለና እንዲህ አለኝ።

«ጋሼ፣ ለሰው አልተናገርኩም። ትዝታ ስጀምር ሁሴን ይመጣብኛል። ያገኘሁት ዕለት እንደነበረው ሆኖ ነው የሚመጣው። ስጮህ ግን አይመጣም። ሌላ መዝፈኛ የለኝም። ይህን እምቢ ካሉኝ እኔ ዘፈን አበቃሁ።»

«አይዞህ፣ ይለምዱታል» አልኩት። ከበር ሸኘሁት። በልቤ ግን «ስንቅ ይዘዋል ወይ ሳይለኝ ሄደ» እያልኩ ነበር።

አልበሙ ወጣ፤ አገር ለሁለት ተከፈለ። ብታዩት የምርጫ ክርክር ነው የሚመስለው። ወጣቶቹ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ የወልድያ ተማሪዎች አበዱለት። ትልልቆቹ፣ ሰርግ ደጋሾቹ፣ ነጋዴዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። ልጄ ቴሌግራም ላይ የተጻፈውን ታነብልኝ ነበር። አንዱ «የድሮው እንድሪስ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል። አንዲት የወልድያ ልጅ ደግሞ «በሆዴ የነበረውን ሰው ሲጮኽልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ» ብላለች። ከሥሯ መቶ ሰው ሰድቧታል፤ መቶ ሰው ተከራክሮላታል።

አቶ ሰይድ የሚባል የማንጎ ነጋዴ አለ፤ ጓደኛዬ ነው፤ የድሮው ዘፈን ወዳጅ። አንድ ቀን ሁለት ዘንቢል ይዞ የከማል ባጃጅ ውስጥ ገባ። እኔም ከኋላ አብሬው አለሁ። አዲሱ አልበም ተከፍቷል።

«ከማል፣ ይህን የቆርቆሮ ጋጋታ ዝጋልኝ» አለ ሰይድ።

«አቶ ሰይድ፣ እንድሪስ እኮ ነው።»

«እንድሪስማ ድሮ ነበር። ይሄ ጂኒ የያዘው ነው።»

ከማል መሐል መንገድ ላይ አቆመ። «እንግዲያው ይውረዱ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«በዚህ ፀሐይ። ከጂኒ ጋር አይሄዱም መቼም።»

ሰይድ ዘንቢሎቹን ይዞ እየተራገመ ወረደ። እኔ ከማልን ልቆጣው ስል ዞሮ፣

«ጋሼ፣ እናንተ ትዝታ ሰብስባችኋል፤ ተቀምጣችሁ ታደምጡታላችሁ። እኛ ምን ትዝታ አለን? ያለን ንዴት ነው። እሱ ገባው» አለኝ።

ወርጄ ሰይድን አንዱን ዘንቢል አገዝኩት።

ሰርጉ ግን በትልልቆቹ እጅ ነው። ደጋሹ እነሱ ናቸው፤ ዘፋኝ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። አንድ በአንድ ተዉት። የሚጠሩትም «የድሮውን ብቻ» እያሉ ነው። እሱም እሺ ብሎ ይመጣል። ሁለት የድሮ ዘፈን ላይ ላዩን ይዘፍንና ሦስተኛው ላይ አዲሱን ይጀምራል። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ይወጣሉ። ወጣቶቹ ይዘላሉ። አንዴ እንዲህ ሲሆን «ለምን ታስቀይማቸዋለህ?» አልኩት።

«እኔ አስቀየምኳቸው? ጋሼ፣ የኔን ለቅሶ እነሱ በሚወዱት ዜማ ካላለቀስኩ አይሰማቸውም?»

አሁን ሲገባኝ እውነቱን ነበር። ያኔ ግን ድርቅና መሰለኝ።

አንድ ከሰዓት ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ስለሱ ይወራል። ሰይድ ወደ እኔ ዞረና «ጋሽ ሞላ፣ አንቱ የግጥም አባት፣ ለዚህ ልጅ አንዲት አትጠፋዎትም። ወዲህ ይበሉ» አለ። «ተዉኝ እባካችሁ» አልኩ። ሌሎቹም ያዙኝ። በማሽላ ወራት ልጆች ማሳ ውስጥ ቆርቆሮ እየመቱ ወፍ የሚያባርሩት ትዝ አለኝ። አፌ ቀደመኝ።

በቆርቆሮ ጩኸት ወፍ ይባረር ነበር፣
ወንድም ሲባረር ግን አየን በዚህ ሀገር።

ሻይ ቤቱ ፈነዳ። ሰይድ ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ምን ማለትዎ ነው? ወንድሙን?» አለ አንዱ። እኔም ነገርኳቸው፤ ትዝታ ሲዘፍን ሁሴን ስለሚመጣበት ነው የሚጮኸው ብዬ። ለእኔ ብቻ የተነገረኝን። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው በግጥሜ ሲደነቅ ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም። ሻዬን ጠጥቼ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሻዕባን ላይ፣ ረመዳን ሳይገባ፣ ውርጌሳ ሰርግ ሆነ። ሙሽራው የሰይድ የእህት ልጅ ነው፤ ወጣት ነውና «እንድሪስ ካልዘፈነ አላገባም» ብሎ አስቸገረ። ሰይድ እያጉረመረመ እሺ አለ። ድንኳኑና ሞንታርቦው የኔ ነው። ቀኑ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንድሪስ ከባንዱ ልጆች ጋር መጣ። ሰላም አለኝ፤ ትከሻዬን ሳመኝ። ጫማውን አወለቀ። የድሮ ሁለት ዘፈነ። ሦስተኛው ላይ ድራሙ ሲጀምር ወጣቶቹ ሙሽራውን አንስተው ዘለሉ። ትልልቆቹ ፊታቸው ተለዋወጠ። ያን ጊዜ ሰይድ ከመቀመጫው ተነስቶ እጁን ዘረጋ።

«ተቀበል!» አለ።

ድራሙ ቆመ። ደንብ ነው። እኔ ገና ከአፉ ሳይወጣ አወቅሁት። «ሰይድ፣ ተው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ከማጉያው አጠገብ ነኝና ማንም አልሰማኝም። ሰይድ ግጥሜን አንድ ፊደል ሳያጎድል ሰጠው።

እንድሪስ ወደ ሰይድ አላየም። ዞሮ የተመለከተው እኔን ነው። አልተቆጣም። የቁጣ ፊት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እችለው ነበር። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ቆሞ እንደሚያይ፣ እንደዚያ ነው ያየኝ። ከዚያ ለባንዱ ልጆች በእጁ ተዉት አላቸው። ክራሩን አነሳ። መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ። ያችን ግጥም በትዝታ ጀመራት።

እንደዚያ ዘፍኖ አያውቅም። ማንም እንደዚያ ዘፍኖ አያውቅም። «ወንድም ሲባረር» የምትለዋን ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ግን አይወድቅም፤ ይዟት ይወጣል። ሴቶቹ አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይዘው ተንሰቀሰቁ። «ማሻ አላህ! ተመለሰ! እንድሪስ ተመለሰ!» እያሉ ጮኹ። እልልታ ሆነ። ሰይድ ራሱ ሄዶ ግንባሩን ሳመው፤ ሰድቦት ሳይሆን አድኖት የመለሰው መስሎታል። ወጣቶቹም ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ያ የተከፈለው አገር ሁሉ ያን ከሰዓት አንድ ሆነ። ሰውየው ፊታችን ላይ የወንድሙን አስከሬን እንደገና ሲያነሳ፣ እኛ እናጨበጭብ ነበር።

ሦስት ጊዜ ዘፈናት። ማይኩን በቀስታ አስቀመጠ። ጫማውን በእጁ ይዞ በድንኳኑ ጓሮ ወጣ። ልከተለው ተነሳሁ፤ «ሽቦው ተነቀለ» ብለው ጠሩኝና ወደ ሽቦው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ እንድሪስ አልዘፈነም። ባንዱ ተበተነ። እሱ ኮምቦልቻ ሄዶ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆነ። የውርጌሳው ቪዲዮ ግን በየስልኩ ዞረ። አዲሱን የጠሉትም፣ የወደዱትም የሚስማሙበት ዘፈን ያ ብቻ ነው። ከማል እንኳ ከፍቶት አግኝቼው «አንተም?» ስለው፣ «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ያምራል እኮ» አለኝ። ያምራል። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም።

ሁለት ጊዜ ለሕክምና ደሴ ሄጃለሁ፤ ሁለቴም ኮምቦልቻ ዘልቄ ላየው አስቤ ነበር። ሁለቴም «ሌላ ጊዜ፣ ረጋ ብዬ» አልኩ። ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲፈራ ሁልጊዜ ጊዜ ያለ ይመስለዋል። ሳምባው ታሞ እንደነበርም የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን እናቱን ወይዘሮ ዘሀራን ላፅናና እዚሁ መርሳ ካለው ቤቷ ሄድኩ። ሰዉ ከሄደ በኋላ ብቻችንን ቀረን። ዓይኗ ደክሟል፤ ፊቷን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ ተቀምጣለች። ወደ እሷ ጠጋ አልኩና፣

«ወይዘሮ ዘሀራ፣ የውርጌሳዋን ግጥም የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰይድ ይበላት እንጂ የኔ ናት። የነገረኝንም ምስጢር ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ፊቷን ከበሩ ወደ እኔ አዞረች።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ያኑ ዕለት ጫማውን ይዞ ከዚህ ገብቶ ነግሮኛል። እንዲያ ያለ ስድብ ለምን ተቀበልክ፣ ለምን ማይኩን ወርውረህ አልወጣህም አልኩት። እሱም ‹ሌላ ሰው ቢገጥመው እወጣ ነበር፣ የጋሽ ሞላ መሆኑን ሳውቅ እግሬ እምቢ አለኝ› አለኝ።»

ተነስቼ እግሯ ሥር ልወድቅ ስል በእጇ ትከሻዬን ይዛ ከለከለችኝ።

«ይቀመጡ። በአላህ ይቀመጡ። እኔ በበኩሌ አፉ ብዬዎታለሁ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ከልቤ ነው።» እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። «የሱ ሐቅ ግን የሱ ነው ጋሽ ሞላ። የሱን ይቅርታ እኔ ልሰጥዎት አልችልም።»